የዓባይን በረሃ ማን ቆፈረው? አሁንስ ማን እየቆፈረ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ጎሃ ጽዮንን ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ያውቀዋል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ጆሮ ይደፈናል። ጋቢ ተከናንቦ የነበረው መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከፊት የተቀመጡ እናት በየኩርባው በስመ አብ ይላሉ። ድልድዩ ጋ ሲደረስ ደግሞ "መስኮት ክፈቱልን!" የሚል ጩኸት ይጀመራል። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ 1,000 ሜትር አካባቢ ወርዳችኋል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ፣ እስከ ደጀን።

አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ስሄድ ከኋላዬ ክርክር ተነሳ። ተማሪ የሚመስል ልጅ "ይሄ እኮ የስምጥ ሸለቆ አካል ነው፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ነው" አለ። አጠገቡ የነበሩ አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ። "የጥፋት ውሃ ነው ልጄ። ውሃው ሲጎድል በዚህ ነው የወጣው" አሉት። ሌላው ደግሞ "ኧረ እግዜር ሲፈጥረው እንዲሁ ነው!" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ያን ቀን ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ልጁ ተሳስቷል። ስምጥ ሸለቆ ሌላ ነው፤ እሱ በአዋሽና በሐይቆቹ በኩል ያለው ነው፤ መሬት ተለያይቶ መሐሉ የሰመጠበት። የዓባይ ሸለቆ ግን አልሰመጠም፤ ተቆፍሮ ነው። ከሦስቱ ተከራካሪዎች ለእውነቱ የቀረቡት አዛውንቱ ናቸው። የቆፈረው ውሃ ነው። ብቻ የአርባ ቀን ውሃ አይደለም።

ይህን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሜጋዋትና ስለ ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ክፉ ወሬ አይደለም፤ ደክመንበታል፣ ከኪሳችን አዋጥተንበታል። ነገር ግን ዓባይ የውሃ ወንዝ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የድንጋይና የአፈር ወንዝም ነው። እንዲህ ያለ ገደል የቆፈረ ወንዝ የቆፈረውን የት እንዳደረሰው ካልጠየቅን፣ የግድቡን ዕድሜም ልናውቀው አንችልም።

▪️ መጀመሪያ ደጋው

ታሪኩ የሚጀምረው ዓባይ ከመኖሩ በፊት ነው። ዛሬ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ወሎና ጎንደር የምንለው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳት ነበር። ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ላቫ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ በአንዱ ላይ ሌላው ተደረበበት፤ በጂኦሎጂ ሚዛን አጭር በሚባል ጊዜ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ አብዛኛው ተከመረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚሁ ደጋ ጀርባ ላይ እንደ ጮቄ ያሉ ትላልቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ተነሱ። ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ይሰጠዋል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን መሄድ ሲችል ለምን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ጎጃምን ዞሮ ይመለሳል ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ፣ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ጮቄ መሐል ቆሟል። ውሃ ተራራ አይወጣም፤ ይዞረዋል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ይህን ሁሉ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ መጽሐፍ አያስፈልግም። ከላይ ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ አለ፤ በአንዳንድ ቦታ እንደ ተደረደረ አጣና ቀጥ ብሎ የቆመ። ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ። ከዚያ ግራጫና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ የሚሠራበት። ከዚያ ለስላሳው፣ ጂብሰምና ጭቃማ ድንጋይ የተቀላቀለበት ንጣፍ፤ ጂኦሎጂስቶች በከተማዋ ስም ጎሃ ጽዮን ብለው ይጠሩታል። ከታች ወንዙ አጠገብ እንደገና ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ነው። በውስጡ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት አለ። አዎ፣ ደጀን ባሕር ነበረች፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ለማየት ምድርን መብሳት አለበት። እኛ የአንድ ትኬት ዋጋ ነው የሚፈጅብን፤ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተን ነው የምናልፈው።

▪️ ውሃ ድንጋይን እንዴት ይቆርጣል?

ውሃ ለብቻው ጠንካራ ድንጋይ አይቆርጥም። ይህን መረዳት የሁሉ ቁልፍ ነው። ውሃው እጅ ነው፤ መሣሪያው የያዘው ጠጠርና አሸዋ ነው። በክረምት የሞላ ወንዝ ሥሩ ላይ ቋጥኝ ያንከባልላል። ቋጥኙ ወለሉን ይመታዋል፣ ይፍቀዋል፣ ራሱም ይደቅቃል። አዙሪት ባለበት ቦታ ጠጠሩ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዞር ሲዞር ድንጋዩን ይሰረስረዋል። በበጋ ውሃው ሲጎድል ወንዝ ዳር ሄዳችሁ እዩ፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ታገኛላችሁ፤ ውስጡ ደግሞ ድቡልቡል ድንጋይ። ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ክረምት ሲመጣ መውቀጡን ይቀጥላል።

ሁለተኛው መንገድ መንቀል ነው። የላቫ ድንጋይ ሲበርድ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ጠርቦ እንዳስቀመጡት ብሎኬት እየነቀለ ይወስደዋል። ፏፏቴ ባለበት ቦታ ይህ ሥራ ይፈጥናል። ውሃው ወድቆ ከሥር ይቦረቡራል፣ ከላይ ያለው ድንጋይ ተሸካሚ ያጣል፣ ይወድቃል፣ ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ያለው ጢስ ዓባይ 40 ምናምን ሜትር ከፍታ አለው፤ ያረፈበት ላቫ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትናንት የፈሰሰ የሚባል ነው። ለቱሪስት ማራኪ ቦታ ነው። ለወንዙ ግን ገና ያልጨረሰው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነገር የመሬቱ መነሳት ነው። ወንዝ የሚቆርጠው የሚወርድበት ከፍታ ሲኖረው ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከሥሩ ባለው ትኩስ የምድር አካል እየተገፋ ተነስቷል፤ ወንዙ ደግሞ መሬቱ በተነሳ ቁጥር ቦታውን ሳይለቅ ወደ ታች ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ዓባይ በሦስት ዘመን እንደቆፈረ ያስረዳል፤ ከ29 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በዝግታ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ፈጠን ብሎ፣ ካለፉት 6 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ደግሞ እጅግ በፍጥነት። ተመራማሪዎች በዝርዝሩ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የናይል መስመር ራሱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደቆየ ሲል፣ ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ሜዲትራንያን ያለው ግንኙነት ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ እንዳለው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ለእነሱ ይቆይ። ለእኛ የሚበቃን፣ የሚቆፍረው እጅ ዛሬም አለመቆሙ ነው።

ገደሉ ጠባብ ቀዳዳ ሆኖ ሳይቀር ለምን ይህን ያህል ሰፋ? ወንዙ የሚቆርጠው ወደ ታች ነው፤ ወደ ጎን የሚያሰፋው ናዳ ነው። ለስላሳው የጂብሰምና የጭቃ ንጣፍ ከሥር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ከላይ የተጫነው ጠንካራ ድንጋይ ይንሸራተታል። ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም። የጎሃ ጽዮን–ደጀን መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ጊዜ ተጠገነ? አስፋልቱ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ፣ መስመሩ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ጃፓኖች መንገዱን ካደሱት በኋላ ለናዳው መፍትሔ ፍለጋ ለብቻው ጥናት ማካሄድ ነበረባቸው። "ሥራ ተቋራጩ አጭበርብሮ ነው" የሚለው የአውቶቡስ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አንዳንዴ መንገዱ የተሠራው በሚሄድ መሬት ላይ ነው።

ከዚህ ተፋሰስ ደጋ ተቦርቡሮ የሄደው ድንጋይና አፈር ወደ 100 ሺህ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ይገመታል። ቁጥሩ ስለማይጨበጥ እንዲህ እንመንዝረው። በመላው የኢትዮጵያ ምድር ላይ ከሞያሌ እስከ አድዋ እኩል ብናነጥፈው፣ 90 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ንጣፍ ይሆናል።

▪️ ገደሉ የሠራው ታሪክ

እስካሁን ወንዙ ድንጋዩን ሲሠራ አየን። ገደሉ ደግሞ እኛን ሠርቷል።

"ዓባይ በረሃ" እንላለን። ውሃ የሞላበትን ቦታ በረሃ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ለደገኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። በረሃ ማለት ሙቀት፣ ንዳድ፣ አዞ እና ሽፍታ ያለበት ቦታ ነው፤ የሚታለፍ እንጂ የሚኖርበት አይደለም። ስለዚህ አገሩ የተሠራው ከላይ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከማዶ የሚጨሰውን የሰው ቤት ጭስ እያዩ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ሙሉ ቀን መውረድና መውጣት። ጎጃም በሦስት በኩል በዓባይ የተከበበ፣ በአራተኛው ጣና ያለበት፣ ደሴት ለመባል ጥቂት የቀረው አገር ነው። የጎጃም ገዢዎች ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የነበራቸውን ነጻነት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ዘርና ስለ ጋብቻ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ገደሉ ግን ጥቂት። እኔ ገደሉን አስቀድማለሁ። ክረምት ከገባ ማንም ጦር አይሻገረውም ነበር። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ደቡብ ተሻግረው እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሲገጥሙ ወንዙ ከኋላቸው ነበር። ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ጎጃም ውስጥ ሲሆኑ ቅጥር የሆናቸው ወንዝ፣ ሲሻገሩት ማፈግፈጊያ የሚዘጋ ወንዝ ነበር።

ድልድዮቹን ደግሞ ተመልከቱ። በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጢስ ዓባይ አጠገብ ተሠራ። ቀጥሎ ደግሞ በዐፄ ፋሲል እንደተሠራ የሚነገርለት ከዚያ በታች ያለው ነው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው። ሁለቱም ከጣና ብዙ ሳይርቁ ነው የተሠሩት። ለምን እዚያ? ወንዙ በዚያ በኩል ያለው ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ጠንካራ ድንጋይ ጠባብ ሆኖ ይቆረጣል፤ በበጋ ወንዙ በሙሉ በአንዲት ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። የድንጋይ ቅስት ሊዘረጋበት ይችላል። ወደ ታች ወርዶ ለስላሳዎቹን ንጣፎች ሲያገኝ ግን ገደሉ በኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። እዚያ ለዘመናት መሻገሪያው ድልድይ ሳይሆን መልካ ነበር፤ ሰውም ከብትም በዋናተኛ እየተረዳ፣ ክረምቱ ሲያልፍ። የመንግሥታቱ መሐንዲስ የትኛውን ቦታ ይምረጥ ብሎ የወሰነለት ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የተቆረጠው ድንጋይ ነው።

ሰባራ ድልድይ ስሙን ያገኘው መሐሉ ስለተሰበረ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ቆረጡት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት፣ በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ፣ የአካባቢው ሰው ክፍተቱን በገመድ ተጎትቶ ይሻገር ነበር። ሰው በወገቡ ገመድ አስሮ፣ ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ፣ ከወዲያ ማዶ ጎረምሶች እየሳቡት። ለገበያ! ለጋብቻ! ይህን ሳስብ "ገደሉ ለያይቶናል" የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። ያን ያህል ተቸግሮ የሚሻገር ሰው መለያየት የሚፈልግ ሰው አይደለም።

የጣሊያን መንገድ ሠሪዎች ገደሉን በጠመዝማዛ መንገድ ወረዱት። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው ድልድይ 60 ዓመት ገደማ አገለገለ። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጃፓን የረዳችው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኬብል የተወጠረው የሕዳሴ ድልድይ ተከፈተ። የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በወንዙ ራሱ ለመውረድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በጀልባ ጀመረ፤ ጀልባዎቹ ወዲያው ተሰበሩ። በ1920ዎቹ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ሻለቃ ቺዝማን በእግርና በበቅሎ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ካርታውን አስተካከለ፤ ከዚያ በፊት የወንዙ መስመር በካርታ ላይ በግምት የተጣለ ነጠብጣብ ነበር። በ1968 የብሪታንያ ወታደሮች በብሌሽፎርድ ስኔል መሪነት ብዙውን ክፍል በጀልባ ወረዱት፤ አንድ አባላቸውን ውሃ ወሰደባቸው። ይህን የምነግራችሁ ለፈረንጅ ጀግንነት አይደለም። ሰው በጨረቃ ዙሪያ በዞረበት ዓመት የዓባይ ገደል ገና በወጉ ያልታየ ቦታ እንደነበር እንድታስታውሱ ነው።

▪️ አሁን ማን እየቆፈረ ነው?

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ገደሉ በጥልቁ ቦታ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በ28 ሚሊዮን ዓመት ብናካፍለው በዓመት 0.05 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የለም፣ ሁሉንም የቆፈረው ባለፉት 6 ሚሊዮን ዓመታት ብቻ ነው ብለን ለወንዙ ብናደላ እንኳ በዓመት 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በአራት ዓመት አንድ ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ማሳው እንውጣ። በኢትዮጵያ ደጋ የአፈር መሸርሸርን ለዓመታት ያጠናው ስዊዘርላንዳዊ ሃንስ ሁርኒ፣ ከታረሰ ማሳ ላይ በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ይህ በዓመት 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። አማካይ ነው፤ ከዚህ የሚሻል ማሳም የሚብስ ማሳም አለ፤ የታጠበው ሁሉም ወንዝ አይገባም፣ ግማሹ እግረ መንገዱን በተረተሩ ሥር ይቀራል። ቢሆንም ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአፍሪካ ካሉ ታላላቅ ገደሎች አንዱን የቆፈረው ወንዝ በዓመት የሩብ ሚሊ ሜትር ሠራተኛ ነው። የገበሬው ማሳ በዓመት በሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ከ14 እጥፍ እስከ 70 እጥፍ።

የአገሬ ሰው የዓባይን ገደል ለማየት ደጀን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከቤቱ ጓሮ ያለው ቦረቦር የዓባይ ታናሽ ወንድም ነው። አሠራራቸው አንድ ነው። ከጫፍ ላይ ትንሽ ፏፏቴ ይሠራል፣ ከሥር ይቦረቡራል፣ ከላይ ይወድቃል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ልዩነቱ ዓባይ ድንጋይ ሲቆርጥ ቦረቦሩ የሚቆርጠው አፈር ነው፤ ስለዚህ በሚሊዮን ዓመት ሳይሆን በአንድ ክረምት ልጅ ዘሎ የሚሻገረውን ቦይ በሬ የሚገባበት ገደል ያደርገዋል።

ጊዜውንም ልብ በሉ። ከዓመቱ የዓባይ ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ውሃው በጣም የሚጎሽበት ጊዜ ግን ውሃው በጣም ከሚበዛበት ጊዜ ይቀድማል፤ ሐምሌ ላይ ነው። ለምን? የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ልሞ፣ ራቁቱን ዝናቡን የሚቀበለው ያን ጊዜ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ቡቃያው መሬቱን ሸፍኗል፤ ውሃውም እየጠራ ይሄዳል። ሱዳኖች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ሮሰይረስ ግድባቸውን በጎርፉ መጀመሪያ ላይ በሩን ከፍተው ጭቃውን ያሳልፉታል፤ መሙላት የሚጀምሩት ደለሉ ሲቀንስ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሠራ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ይይዝ የነበረው ግድብ በ40 ዓመት ውስጥ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን በደለል አጣ፤ በ2013 ከፍታውን በ10 ሜትር መጨመር ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የለመድነውን ዘፈን ማቆም አለብን። "ግብፅ አፈራችንን ወሰደች" የሚለውን። የግብፅ ለም መሬት የኢትዮጵያ ደጋ አፈር መሆኑ እውነት ነው፤ ደለሉን የሚያመጡት በዋናነት ዓባይና ተከዜ ናቸው። ነገር ግን ግብፅ መጥታ አልቆፈረችም። ደግሞም የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ማሳቸው አይደርስም፤ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል፤ እነሱ ማዳበሪያ ይገዛሉ፣ የዴልታቸው ዳርቻም በባሕር እየተበላ ነው። የሄደው አፈር ለማንም ሳይሆን የቀረበት ዘመን ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ነው። በድንበሩ በኩል በዓመት ወደ 140 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ደለል ያልፍ እንደነበር ይገመታል። የሕዳሴው ሐይቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ገደሉ ውስጥ ይዘልቃል። ወንዝ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ይተኛል፤ የተኛ ውሃ አይቆርጥም፣ የያዘውን ይጥላል። ድንጋዩ ከመግቢያው ይቀራል፣ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከግድቡ አልፎ የሚሄደው በጣም ጥቂት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሲያወጣ የኖረው ወንዝ አሁን ሸክሙን አገር ውስጥ ያራግፋል ማለት ነው።

ይህ ግድቡን ነገ ይሞላዋል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለው የሚያስፈራሩ ሰዎችን አልከተልም። 140 ሚሊዮን ቶን 120 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ኃይል ለማመንጨት የማያገለግለው የታችኛው ክፍል 14.8 ቢሊዮን ነው። ደለሉ ሁሉ እዚያ ብቻ ቢያርፍ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ ይፈጃል። እዚያ ብቻ ግን አያርፍም፤ ከላይ ከመግቢያው ጀምሮ ጠቃሚውንም ቦታ ይይዛል። መቶ ዓመት ሩቅ ይመስላል። እምባቦ ከተዋጋ መቶ አርባ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ገና እንከራከርበታለን።

እውነቱን ለመናገር እኔን ከግድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማሳው ነው። ግድብ ቢሞላ ሌላ ግድብ ይሠራል። አሜሪካኖች ከንጉሡ መንግሥት ጋር ሆነው ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ሰነድ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ የሚባሉ ቦታዎች ተዘርዝረዋል፤ እነሱ ከላይ ቢሠሩ ደለሉን ይጋራሉ። አፈር ግን ሌላ ቦታ ሄደው አይሠሩትም። ድንጋይ ፈርሶ አፈር የሚሆንበት ፍጥነት ማሳው ከሚታጠብበት ፍጥነት እጅግ ያነሰ ነው። ከአፈሩ ሥር ደግሞ ያው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ 30 ሚሊዮን ዓመት የጠበቀ፤ ጤፍ የማያበቅል።

ነገሩ ተስፋ ቢስ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ በሚባል ቦታ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በተዳፋት ማሳዎች ላይ እርከን ተሠራ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አፈሩ ከእርከኑ ጀርባ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ራሱ ደረጃ ደረጃ ሆነ። ገበሬው እያረሰ ገደሉን አስቆመው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየበጋው በዘመቻ የሚሠራውን እርከን ሁላችንም አይተናል። የዘመቻ ሥራ የዘመቻ ጠባይ አለው። አንዳንዱ ውሃ የሚጥልበት ቦይ ሳይታሰብለት ይሠራና ክረምት ሲመጣ ተጥሶ ራሱ ቦረቦር ይሆናል፤ አንዳንዱ ለሪፖርት ይቆጠርና በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ "አዲስ" ተብሎ እንደገና ይቆጠራል። ቀበሌ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። ጥናት ያለበትና ገበሬው የኔ ያለው ቦታ ግን ለውጡ ከሩቅ ይታያል።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ግድቡ በዓመት ስንት ጊጋዋት ሰዓት እንዳመነጨ ይነገረናል፤ ደስ ብሎን እንሰማለን። ከዚያው ዜና ጎን በዚያ ክረምት ስንት ሚሊዮን ቶን ደለል ወደ ሐይቁ እንደገባ፣ ከየትኛው ገባር፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ለምን አይነገረንም? ይህን የሚለካ ባለሙያ አገር ውስጥ አለ፤ መለኪያውም ውድ አይደለም። ቁጥሩ በየዓመቱ ቢወጣ የትኛው ዞን እርከኑን በእውነት እንደሠራ፣ የትኛው በወረቀት እንደሠራ ያለ ጉብኝትና ያለ ስብሰባ ይታወቅ ነበር።

የሚቀጥለው ሐምሌ ላይ በዚያ መንገድ የምታልፉ ካላችሁ፣ ድልድዩ ላይ ስትደርሱ እንቅልፋችሁን ተዉና በመስኮት ወደ ታች ተመልከቱ። ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ፤ ጠባቂዎቹ ይቆጣሉ። የውሃውን ቀለም ብቻ እዩ፤ ከዚያ ደጀን ወጥታችሁ የታረሰውን ማሳ ቀለም ስታዩ አመሳስሉት።